ዳገቱን ብቻ አትክሰሱ

(ደሴ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ልብ ምት ነው። በተለይ ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ሸክም ሲሸከም ልቡ እንዴት እንደሚመታ። ርዕሱን የመረጥኩት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ «ዳገት ስወጣ ልቤ ትር ትር ይልብኛል» የሚል ሰው ከየትም አቅጣጫ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ከፍታው ነው፣ አብሽር» ይባላል። ቤተሰቡ ይለዋል፣ ጎረቤቱ ይለዋል። አንዳንዴ ከእኛ ከባለሙያዎቹም አፍ ይወጣል። ይህ መልስ ሰው እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ።

ከፍታ ራሱ በሽታ የሚሆንበት አገር አለ። ካርሎስ ሞንሄ የተባለ የፔሩ ሐኪም በ1925 አንድ እንግዳ ሕመም ለአገሩ ሐኪሞች አቀረበ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሕመምተኞቹ ለተራራው እንግዳ አይደሉም። በአንዲስ ተራሮች ላይ ለረጅም ዘመን የኖሩ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ግን ሰውነታቸው ከፍታውን መሸከም ያቅተዋል። ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ ይመጣባቸዋል። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል። ዛሬ ሥር የሰደደ የከፍታ ሕመም እንለዋለን። በሐኪሙ ስም የሞንሄ በሽታ የሚሉትም አሉ። በብዛት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዷ ሴሮ ዴ ፓስኮ የምትባል የማዕድን ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ4,300 ሜትር ይበልጣል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል? አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሄዱ 21 በመቶ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻም፣ ተራራ ጫፍም ያው ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊት ይህን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑም መቅኔን ቀይ የደም ሴል አብዝቶ እንዲሠራ ያዝዘዋል። እስከ ልኩ ድረስ ይህ ጥሩ ነገር ነው። የሞንሄ ሕመምተኛ ላይ ግን ልኩን ያልፋል። በ2004 ቻይና ውስጥ ቺንግሃይ ላይ የተስማሙ ባለሙያዎች መስፈርት አውጥተውለታል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሚኖር ወንድ ሄሞግሎቢኑ (ቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) 21 ግራም በዴሲሊትር ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ሴት ደግሞ 19 ከደረሰች ወይም ካለፈች፣ ምልክቶቹም አብረው ካሉ ሕመሙ ይጠረጠራል። ይህን ያህል ቀይ ሴል የያዘ ደም እንደ ወፈረ አጥሚት ነው። አይፈስም ማለት አይደለም፣ ግን ለመግፋት ጉልበት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ነገር ሳንባ ውስጥ ነው የሚሆነው። የሳንባ ደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያጡ ይጨማተራሉ። ይህ ተፈጥሮ ያበጀችው መላ ነው። የሳንባው አንዱ ጥግ ቢታመም ደሙ ወደ ጤነኛው ጥግ እንዲሄድ ያደርጋል። ተራራ ላይ ግን ኦክስጅን ያነሰው ሳንባው በሙሉ ስለሆነ ሁሉም ደም ሥር በአንድ ላይ ይጨማተራል። ዓመት ሲጨመርበት የደም ሥሩ ግድግዳ ይወፍራል። ጫናው የሚያርፈው ወደ ሳንባ ደም በሚገፋው በቀኙ የልብ ክፍል ላይ ነው። ያ ክፍል በተፈጥሮው ስስ ነው። ለዝቅተኛ ግፊት ነው የተሠራው።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው እንምጣ። ይህን ሕመምተኛ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ብታዩት ልቡ ረጋ ብሎ ሲመታ ልታገኙት ትችላላችሁ። ተነስ፣ ፔዳል ምታ ስትሉት ነው ነገሩ የሚገለጠው። ጡንቻ ኦክስጅን ይጠይቃል። ልብ ደም አብዝቶ ይረጫል። ያ ሁሉ ደም በተጨማተረው የሳንባ ደም ሥር ማለፍ አለበት። ቦሊቪያ ውስጥ ላ ፓዝ ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። እዚያው ከፍታ ላይ ከሚኖሩ ጤነኞች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሕመምተኞቹ ቀላል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ እንኳ የሳንባቸው የደም ግፊት ከመጠን በላይ ይጨምር ነበር። ልብ በሉ፣ ቀላል እንቅስቃሴ ነው። ሩጫ አይደለም። ገበያ ደርሶ የመመለስ ያህል ነው።

በዚያች ደቂቃ ልቡ ላይ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። የደሙ ኦክስጅን ይብስ ይወርዳል። አድሬናሊን ይፈስሳል። የቀኙ የልብ ክፍል ይለጠጣል። የተለጠጠ፣ ኦክስጅን ያነሰውና በአድሬናሊን የተነካ የልብ ጡንቻ ቁጡ ይሆናል። ተራውን አይጠብቅም።

ይህን በቅርብ ላሳያችሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ወረቀት እዩት። ትንንሾቹ ሣጥኖች እያንዳንዳቸው 0.04 ሰከንድ ናቸው። ምቶቹ በእኩል ርቀት እየመጡ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ቀድሞ መጣ። ቅርጹም ይለያል፣ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም የተነሳው ከተለመደው ቦታ ሳይሆን ከታችኛው የልብ ክፍል ነው። ከእሱ ኋላ ረዘም ያለ ዝምታ አለ። ከዚያ አምስተኛው ምት ይመጣል። ልብ በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ደም ስለሞላ አምስተኛው ጠንካራ ነው። ሰው «ልቤ ዘለለ»፣ «ልቤ ቀጥ አለና ድው አለ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ያንን ዝምታና ያንን ጠንካራ ምት ነው። ቀድሞ የመጣው ምት ራሱ ብዙም አይሰማም።

እንዲህ ያለ ምት አልፎ አልፎ በጤነኛም ሰው ላይ ይታያል። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ አንድም ቀን ያልመጣበት ብዙ ሰው አይኖርም። ጤነኛ ልብ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንቅስቃሴ ሲጀመር ይጠፋል። ዋናው ምት ሲፈጥን ለእሱ ቦታ አይተውለትም። በተቃራኒው እንቅስቃሴ ሲጨምር የሚበዛ ከሆነ መመርመር አለበት። ካረፉ በኋላም ነገር አለ። በ2003 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእንቅስቃሴ በኋላ ባለው የእረፍት ደቂቃ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሱ ምቶች በብዛት የታዩባቸው ሰዎች በኋለኞቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። እንግዲህ ዳገቱን ወጥታችሁ ድንጋይ ላይ አረፍ ስትሉ ያለችው ደቂቃ ዋዛ አይደለችም።

እዚህ ላይ አንድ ማመዛዘኛ ላስገባ። ኦክስጅን ማነስ ብቻውን ጤነኛን ልብ ይጎዳል ወይ? በ1985 ጤነኛ ፈቃደኞች ግፊቱ በሚቀነስ ክፍል ውስጥ ገብተው ለ40 ቀን ቆይተዋል። ግፊቱ ቀስ እያለ የኤቨረስት ጫፍ ላይ እስካለው ድረስ ወርዷል። እዚያ ውስጥ ሆነው ፔዳል ይመቱ ነበር። ኢሲጂያቸው በቀኙ የልብ ክፍል ላይ ጫና እንዳለ አሳየ። የሚደርሱበት ከፍተኛ የልብ ምትም ከወትሮው በብዙ ወረደ። ነገር ግን የልብ ጡንቻቸው ደም እንዳጠረው የሚያሳይ ምልክት አልታየም። ጤነኛ ልብ በጣም ጠንካራ ነው። የዓለምን ጫፍ ከተቋቋመ እዚህ ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ዳገት አያቅተውም። ስለዚህ ጦሳ ላይ ምቱ የሚዛባበት ሰው ስናገኝ፣ ከከፍታው ሌላ ምን አለ ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የምናገኘው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ትንሽ አይደለም። በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ናት፤ ዓለም ሁሉ በከፍታዋ ያማረረባት ከተማ ከደሴ ዝቅ ትላለች። ጉጉፍቱ ስትደርሱ 3,000 ሜትርን አልፋችኋል። ላስታ ላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ 4,260 ሜትር ነው፤ ጫፉ ከሴሮ ዴ ፓስኮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። እውነተኛ የከፍታ አገር ላይ ነው የምንኖረው።

ታዲያ የሞንሄ በሽታ የታለ? የኢትዮጵያ ደገኛ ላይ ይህ ሕመም እንዳለ የሚያሳይ መረጃ አልቀረበም። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ በ2002 ውጤቱን አሳትማለች። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ሴሮ ዴ ፓስኮ ላይ የታመሙት ሰዎች ሙሌታቸው ቁጭ ብለውም ከ90 በታች ነው። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ልብ በአልትራሳውንድ አይቷል። የሳንባቸው የደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። የደም ሥሮቹ መጨማተር ግን አልጨመረም። ደሙ ብዙ እየፈሰሰ ነው እንጂ መንገዱ አልጠበበም።

ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ እናንተም ደስ ይበላችሁ። ግን አንኩራራ። እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ ባሌ ላይ የተጠኑ የኦሮሞ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ከሰሜን ተራሮቹ ሰዎች ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ወደ ከፍታው የወጡት በ500 ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሆነ ይገመታል፤ የሰሜኖቹ ግን ከ5,000 ዓመት በላይ። ወሎ ደግሞ የዚህም የዚያም ልጅ የተጋባበት፣ ቆላና ደጋው በአንድ ቀን ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። ከባቲ የመጣውና ደላንታ ተወልዶ ያደገው አንድ ክፍል ውስጥ ይማራሉ። «እኛ ወሎዬዎች ተራራ አይነካንም» ብሎ በጅምላ መናገር አያስኬድም። የማምነው ነገር ይህን ብቻ ነው፦ ደሴ የሚኖር ሰው ልቡ ሲያስቸግረው ከፍታን የመጀመሪያ ተጠርጣሪ የሚያደርግ ማስረጃ የለንም።

ተጠርጣሪዎቹ ሌሎች ናቸው። ከሁሉ በፊት ያለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ልጅ እያለ ጉሮሮው ታሞ፣ መገጣጠሚያው አብጦ ዳነ የተባለ ሰው ከዓመታት በኋላ የልቡ በር ጠባሳ ይዞ ይገኛል። በብዛት የሚጠበው በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ነው። ይህ ሕመም ዳገት ላይ ለምን እንደሚገለጥ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በከፍታ የሚሳሳተው ይህ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ አለው። አብዛኛው ጊዜ ደም ለመሙላት ይውላል። ዳገት ሲመጣ ምቱ 120 ይገባል። ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የመሙያው ጊዜ ከግማሽ በላይ ያጥራል። በሩ ሰፊ ከሆነ ችግር የለም። በሩ ጠባብ ከሆነ ግን ደሙ ማለፍ አይችልም፣ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ትንፋሽ ያጥራል። ቁጭ ሲሉ ይሻላል። ሰው «ዳገቱ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ከውጭ ሲታይ ያው ነውና።

በላይኛው ክፍል ውስጥ የታመቀው ደም ግድግዳውን እየለጠጠ ይሄዳል። አንድ ቀን ምቱ ሥርዓቱን ያጣል። አንዱ ቀርቦ፣ አንዱ ርቆ፣ አንዱ ጠንክሮ፣ አንዱ ደክሞ ይመጣል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ደም እዚያ ክፍል ውስጥ ስለሚተኛ ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው። አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ከደጋው ወረዳ ነው የመጡት። ዳገት እንደማይሆንላቸው የታወቀው በመጨረሻው እርግዝናቸው ጊዜ ነበር። እርግዝና የደሙን መጠን ስለሚጨምር የጠበበ በር ያኔ ይጋለጣል። አንድ ጤና ተቋም «የደጋ ሰው ነዎት፣ ይለምድዎታል» ብሎ መለሳቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው አይነሳም ነበር። ትርታቸውን ስይዝ ምቱ የተበታተነ ነው። ያን እጅ ቀድሞ የያዘ ባለሙያ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ቢቆጥር ኖሮ ያውቀው ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላው ጭስ ነው። እዚህ ላይ ከፔሩ የተማርነው ነገር በቀጥታ ይጠቅመናል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ በኩበትና በማገዶ ለሠላሳ ዓመት እንጀራ የጋገረች ሴት ሳንባዋ ተጎድቷል። የተጎዳ ሳንባ ኦክስጅን ያንሰዋል። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥር ይጨማተራል። የቀኙ የልብ ክፍል ይጫናል። መንገዱ ከሞንሄ በሽታ ጋር አንድ ነው፣ የተነሳበት ቦታ ነው የሚለየው። በ1959 ሕንዳዊቷ የልብ ሐኪም ፓድማቫቲ ከባልደረባቸው ጋር ዴልሂ ላይ ይህንኑ አሳትመዋል። ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች በምድጃ ጭስ የተነሳ የቀኝ ልባቸው ይደክም ነበር። እዚህ ደግሞ በጭሱ ላይ ደጋው ይጨመርበታል። ከፍታው ጤነኛውን አይጥለውም ብያለሁ። ሳንባው አስቀድሞ ለተጎዳ ሰው ግን ጫናውን ያከብድበታል። እግሯ ያበጠ፣ የአንገቷ ደም ሥር የተገተረ፣ ሳል የማይለቃት እናት ካለቻችሁ የማድ ቤቱን ነገር አብራችሁ አስቡ። የጭስ ማውጫና የተሻሻለ ምድጃ የልብ ሕክምና ነው ብል አላጋነንኩም።

የደም ማነስ፣ እንቅርትና የደም ግፊትን በአጭሩ ልለፋቸው። የታወቁ ናቸው፣ በቀላል ምርመራም ይገኛሉ። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ልቡ አይፈጥንም። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ እየበላ የሚከሳ ከሆነ ግን የታይሮይድ ምርመራ ይሠራለት። ስለ ጫት ደግሞ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል። ቅሞ፣ ውኃ ሳይጠጣና ሳይተኛ አድሮ በማግስቱ ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡ ላይ ሁለት ሸክም ጭኗል።

አሁን ወደ እጃችሁ እንምጣ። ሁላችሁም ግራ እጃችሁን ዘርጉ። ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ አጥንቱ አጠገብ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ሁለት ጣት አሳርፉ። አውራ ጣት አትጠቀሙ፣ የራሱ ትርታ አለው። አትጫኑት፣ ብቻ አሳርፉት። አገኛችሁት? እግራችሁን ከምቱ ጋር አብራችሁ መሬት ምቱ። እግራችሁ ሳይሳሳት መከተል ከቻለ ምቱ እኩል ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያመልጣችሁ ከሆነ ያ ቀድሞ የሚመጣው ምት ሊሆን ይችላል። እግራችሁ ጨርሶ መከተል ካቃተው ኢሲጂ መነሳት አለባችሁ። ቆጠራውን ሙሉ ደቂቃ አድርጉት። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተዛባ ምት አይሆንም።

ዳገት ላይም ሞክሩት። ወጥታችሁ እንደቆማችሁ ቁጠሩ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙ። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ከከፍተኛ እንቅስቃሴ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ደቂቃ ምታቸው በ12 ወይም ከዚያ ባነሰ ብቻ የቀነሰላቸው ሰዎች በኋለኞቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያ የተለካው በመሣሪያ፣ በሐኪም ፊት ነው። እናንተ በጣታችሁ የምታገኙትን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሸበሩ። በየሳምንቱ የምትወጡት ያው ዳገት ላይ ከሁለት ወር በፊት ከነበረው እየባሰ ከሄደ ግን ቁም ነገር ነው። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውንም ታውቁታላችሁ። ለ50 ዓመት ሰው 170 ይሰጣል። አማካይ ነው። ከሰው ሰው ከአሥር ምት በላይ ወዲህና ወዲያ ይላል። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩን ትቶ ትንፋሹን ይጠብቅ። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልኩ ላይ ናችሁ።

ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ብቻ። የተለመደው ኢሲጂ የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ነው፣ ያውም ሕመምተኛው ተኝቶ። ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣን ነገር ተኝቶ አንስተን «ደህና ነው» ብንል ምን ማለታችን ነው? ጠይቁ። ሲወጣ ነው ወይስ ሲያርፍ? በድንገት ጀምሮ በድንገት ያቆማል ወይስ ቀስ እያለ? ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ሕመምተኛውን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ በስቴቶስኮፕ አዳምጡ። ምልክቱ ቀላል የሆነውን ሰው ደረጃ አስወጥቶ ወዲያው ኢሲጂ ማንሳት ብዙ ያሳያል። እንቅስቃሴ ላይ ራሱን የሳተን፣ ደረቱን የሚያመውን ወይም በሩ በጣም ጠቧል ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ሰው ግን ደረጃ አታስወጡ። እሱ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወዳለበት፣ ልብ ቢቆም የሚያነሳ መሣሪያ ወዳለበት ይሂድ። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያም ስታነቡ እጁን አሙቁለት፣ ጥፍሩን እዩ። በጉጉፍቱ ብርድ የቀዘቀዘ ጣት ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ጥፍር የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ከጥያቄዎቻችሁ ሁለቱን እዚሁ ልመልስ።

እዚያ ኋላ ያለኸው ወንድሜ፣ እንግዶች ወደ አቡነ ዮሴፍ ይዘህ እንደምትወጣ ነግረኸኛል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው ልቡ ቁጭ ብሎም ፈጠን ቢል መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ተፈጥሯዊ ነው። ላሊበላ ላይ ሁለት ሌሊት ይደር፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ራስ ምታቱ ከጠናበት፣ ከተንገዳገደ ወይም አርፎም ትንፋሹ ካልተመለሰ ሌሊትም ቢሆን አውርደው። ይህ ድንገተኛው የከፍታ ሕመም ነው፤ ዓመታት ከሚፈጀው ከሞንሄው ይለያል።

እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ብኖር ይሻለኛል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለሞንሄ በሽታ ቢሆን ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ሰዎቹ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ደማቸው ይቀጥናል፣ ምልክቶቹም ይለቋቸዋል። መውረድ ለማይችሉት አሴታዞላማይድ የሚባል ክኒን ሴሮ ዴ ፓስኮ ላይ ተሞክሮ የደማቸውን ውፍረት ቀንሶላቸዋል። እርስዎ ግን የነገሩኝ ሌላ ነው። በልጅነትዎ ጉልበትዎ እያበጠ ትምህርት ያስቀርዎት እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ሁለት ትራስ ካልተደረበ መተኛት እንደማይችሉ። ኮምቦልቻ ከዚህ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ትንፋሽ ትንሽ ይቀልልዎት ይሆናል። የጠበበ የልብ በር ግን በመውረድ አይከፈትም። ስብሰባው ሲያልቅ እንዳይሄዱ፣ ትርታዎን ልይዝልዎት እፈልጋለሁ። ከዚያ ኢኮ የሚነሱበትን ወረቀት እጽፍልዎታለሁ። ቤት የመቀየሩን ነገር ውጤቱ ከመጣ በኋላ ከልጆችዎ ጋር ሆነን እንነጋገርበታለን።